ላም አለኝ በመስክ

ጥፋቱ የመሥሪያ ቤታችን ነው። እኛ ጋ ለሥራ ክፍለ ሀገር መሄድ «መስክ መውጣት» ይባላል። «የለችም፣ መስክ ናት» ይላሉ፤ የመስክ ጫማ፣ የመስክ መኪና፣ የመስክ ሪፖርት ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኬ ፓምፕ ስፈታ ብውልም፣ ሣር የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ ብመለስም፣ ያው መስክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ቃል ስጠራ ሌላ ትርጉም እንዳለው አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ትዝ ያለው ልጄን ነው።

ሥራዬ የገጠር የውኃ ጉድጓዶችን መከታተል ነው። የተቆፈረው በወጉ መቆፈሩን፣ የተተከለው ፓምፕ መሥራቱን፣ የተበላሸውም ለምን እንደተበላሸ አይቼ እመለሳለሁ። ቤታችን አስኮ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ክረምት ሲመጣ ባጃጅ እንኳ የማይደፍረው ኮረኮንች ላይ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ሴትና አምስት ዓመት የሞላው ወንድ።

እኔ መስክ ስወጣ ቤቱን የሚይዘው ባለቤቴ ነው። ይህን ስናገር ሴቶቹ ጓደኞቼ «ታድለሽ!» ይሉኛል። ታድያለሁ፣ አልክድም። ግን የሒሳብ ሰው መሆኑ አይረሳ። ፍሪጁ በር ላይ የሳምንቱን ምግብ በሠንጠረዥ ለጥፏል፤ ሰኞ ምስር፣ ማክሰኞ ሽሮ፣ ረቡዕ ድንች፣ ሐሙስ «እንደ ሁኔታው»። ሐሙስ ምን እንደሚበሉ ሴቷን ልጄን ብጠይቃት «ሽሮ፣ ግን አባዬ ተናዶ» አለችኝ። አንድ ቀን ደግሞ ፀጉሯን ራሴ ካልሠራሁ ብሎ፣ መሀሉን እኩል ለመክፈል ማስመሪያ ይዞ ተቀመጠ። ክፍሉ እውነትም እኩል ነበር፤ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ዓይነት። ጉንጉኖቹ ግን አንዱ ወደ አስኮ፣ አንዱ ወደ ዘነበወርቅ ይሄዱ ነበርና ልጅቷ ያን ቀን በኮፍያ ዋለች።

እሷም ብትሆን የዋዛ አይደለችም። እኔ በሌለሁበት ሥልጣኔን ወርሳ ትቆየኛለች። ደብተሯ ላይ የወላጅ ፊርማ ሲጠየቅ አባቷን አታስቸግርም፣ በእኔ ፊርማ ራሷ ትፈርማለች። ያወቅኩት መምህርቷ «በዚህ ወር ፊርማዎ በጣም አምሯል» ብላ ስታመሰግነኝ ነው። ልቆጣ ብዬ ደብተሩን ሳየው እውነትም ከእኔ የተሻለ ነበር።

የወንዱን ልጄን ነገር ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ላሞቹ መናገር አለብኝ። ከእኛ ሁለት ቤት ዝቅ ብሎ ሁለት ላሞች ያሏቸው እናት ይኖራሉ። ሰፈሩ ወተት የሚወስደው ከእሳቸው ነው። ላሞቹ ጠዋት ወደ ዳገቱ ይወጣሉ፤ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በእኛ በር አልፈው ይገባሉ፣ መጀመሪያ ቀይዋ፣ ከኋላ ቡሬዋ፣ ከሁለቱም ኋላ ሴትዮዋ በዱላቸው። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ሳይቆጥራቸው እራት አይቀርብም። ቀይዋ ስታልፍ «ቀይዋ ገባች!» ይላል፤ ቡሬዋ ስታልፍ «ቡሬዋም ገባች!» ይላል። ከዚያ ወደ ቤት ዞሮ «ሁለቱም ገቡ!» ብሎ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርት አቀራረቡን ከእኔ ሳይወርስ አልቀረም።

ባለፈው ዓመት የቡድን መሪያችን ሥራ ለቀቀ። የሰውየውን ሪፖርት ዓመታት የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ሰውየው ስብሰባ ላይ «ጉዳዩን አጥንተነዋል» ሲል አጥንቼው የምመጣው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ኃላፊያችን ቢሯቸው ሲያስጠሩኝ ለምን እንደሆነ አውቄዋለሁ።

«ቦታው ይገባሻል» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ብቻ… ልጆችሽስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ናቸው። የእርስዎስ?»

ኃላፊያችን አራት ልጆች አሏቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር ሲዞሩ «ልጆችዎስ?» ያላቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሳል ቢጤ አሳላቸው። «ማለቴ፣ የወሩ ግማሽ መስክ ነው። አሥር አሥራ አምስት ቀን እያከታተልሽ ልትወጪ ትችያለሽ። እስከሚቀጥለው ሰኞ አስቢበትና መልስሽን ንገሪኝ» አሉኝ።

ምኑን ነው የማስበው? ቦታውን ፈልጌዋለሁ። እናት ስትሆኚ እንዲህ ያለውን ነገር ጮክ ብለሽ አትናገሪም፣ «ዕድሉ መጣ፣ ምን ላድርግ» እያልሽ ትሽኮረመሚያለሽ። እኔ አልተሽኮረመምኩም። ስሜ በር ላይ ተለጥፎ ማየት ፈልጌያለሁ፤ ስብሰባ ላይ «አጥንቼዋለሁ» ማለት ፈልጌያለሁ።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው የተማሪ ፈተና እያረመ ነበር። «እንኳን ደስ አለሽ!» አለ፤ ደስታው ከልቡ ነበር። ከዚያ ስንት ቀን እንደምጠፋ ነገርኩት። ቀይ እስክሪብቶውን ሳያነሳ «ላም አለኝ በመስክ፣ ወተቷንም አላይ» አለ።

ተረቱ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው፤ በእኔ ልክ ሰፍቶት ነው። ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፣ ግን ከእኔ ቀድሞ አቆመ። ልጃችን እግራችን ሥር ወለሉ ላይ መኪናውን እየነዳ ነበር። እንደዚያ ዝም ብሎ የሚጫወት ልጅ እየሰማ መሆኑን ማወቅ ነበረብኝ።

በዚያው ሰሞን የልጁ መዋዕለ ሕፃናት የወላጆች ቀን አዘጋጀ፤ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ። ልጆቹ እየወጡ የወላጆቻቸውን ሥራ ይናገራሉ። እኔ ማክሰኞ ወጥቼ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምገባው፤ ግን በሰዓቱ እንደምደርስ ምዬ ተገዝቼለታለሁ። በየቀኑ ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ እየወጣሁ በስልክ አስጠናሁት።

«እናትህ ምንድን ናት?»

«እናቴ የውኃ መሐንዲስ ናት። ለሰዎች ንጹሕ ውኃ ታወጣለች።»

«ጎበዝ! እንዳትረሳው።»

«አልረሳም» አለኝ፤ አልረሳምም ነበር። የራሱ የተሻለ መረጃ ስለነበረው ነው።

ዓርብ ዕለት ጉድጓዱን ለመንደሩ አስረከብን። ውኃው ቧንቧው ጫፍ ላይ ሲፈስ ሽማግሌዎቹ መረቁን፤ መርቀውም አልበቃቸው፣ በግ አመጡልኝ። የመሥሪያ ቤታችን ደንብ ስጦታ መቀበልን ይከለክላል። ደንቡን የጻፈው ሰው ግን አምስት ሽማግሌ ፊት ቆሞ በግ መልሶ አያውቅም። እየተግደረደርኩ ተቀበልኩ። አንዲት እናት ደግሞ «መንገድ ላይ እንዳይርበው» ብለው አንድ እስር ለምለም ሣር ፒካፑ ላይ ጫኑልኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተነሳን። ቡራዩ ስንደርስ በጉ ገመዱን ፈትቶ ሊዘል ሲል ሾፌሩ በመስታወት አይቶ ጮኸ። ከኋላ ወጥቼ፣ ከበጉና ከሣሩ ጋር ተንከባልዬ፣ እንደምንም መልሼ አሰርኩት። ልብስ የምቀይርበት ጊዜ አልነበረም። መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ፒካፑን ከነበጉ አቆምንና በመስክ ጫማዬ ገባሁ። የልጄ ተራ ነበር።

ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ድምፅ ማጉያውን በሁለት እጁ ይዟል። ከኋላ ቆሜ እጄን ሳውለበልብለት ፊቱ በራ። ባለቤቴ ሱፉን ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«እናቴ መስክ ነው የምትሠራው» አለ ልጄ።

መሐንዲሷ የት ሄደች? ብዬ ሳልጨርስ የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት ልትረዳው ጎንበስ አለች። «ጎበዝ! መስክ ላይ ምን ትሠራለች?»

«ሣር ትግጣለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቤት እንስሳት ሥዕል አሳየችው። ከሥዕሉ ሥር በትልቁ «ላም መስክ ላይ ሣር ትግጣለች» ተብሎ ተጽፏል። «አይደለም የኔ ጌታ፣ ሣር የምትግጠው ላም ናት እኮ።»

«እናቴም ላም ናት» አለ ልጄ ኮራ ብሎ። «አባዬ ነው ያለው።»

የሰው ሁሉ አንገት ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ ወንበሩ ውስጥ መስመጥ የሚቻል ይመስል ወደ ታች ተንሸራተተ። አጠገቡ ያሉ አንድ ትልቅ ሰው «ጎበዝ፣ ነውር አይደለም እንዴ?» ሲሉት ሰማሁ። ከልጅ አትጫወት ይወጋሃል በእንጨት የሚባለው እውነት ነው፤ የእኛው ደግሞ ሁለታችንንም በአንድ እንጨት ነው የወጋን።

«ደግሞ ያውና!» አለ ልጄ በጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ። «ፀጉሯ ላይ ሣር አለ!»

እጄን ወደ ፀጉሬ ሰደድኩ። አለ። አንድ ክንድ የሚያህል ለምለም ሣር ከጆሮዬ በላይ ተሰክቷል። ይህም እንዳይበቃ ከውጭ በጉ «ባ!» አለ። ከዚያ በኋላ ሳቁን የሚያቆመው አልነበረም። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅኩ፤ ምን አማራጭ አለኝ?

መምህርቷ እንባዋን እየጠረገች አንድ ጥያቄ ጨመረች፤ ምነው በቀረባት። «እሺ፣ እናትህና ላም አንድ ናቸው?»

ልጄ አሰበበት። ሲያስብ እንደ አባቱ አንድ ቅንድቡ ይነሳል።

«አይደሉም» አለ። «ላም ማታ ትገባለች። እናቴ አትገባም።»

ሰው መሳቁን አላቆመም። እኔ ግን ሳቁ አፌ ውስጥ ደረቀ። ልጁ ቅር ብሎት አልነበረም የተናገረው። አጥንቶት ነው፤ በየማታው በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ሲቆጥር ማን እንደጎደለ ያውቃል። ሁለቱም ገቡ ሲል ሦስተኛዋ እኔ ነበርኩ። ሽንት ቤት ገብቼ ፊቴን ታጠብኩና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ በጉን ጓሮ ስናስር ከባለቤቴ ጋር ተያያዝን። እሳት ለብሼ ነበር።

«በሰው ሁሉ ፊት ላም አደረግከኝ!»

«ተረት እኮ ነው የተረትኩት! ሰው በተረት ይከሰሳል?»

«ልጅ ፊት ነው የሚተረተው?»

«ልጅ ፊት ካልተረትኩ የት ልተርት? አንቺ እኮ የለሽም!»

ይህን ብሎ ወደ ገመዱ ጎንበስ አለ። በጉ ብቻ ያመነዥካል። ባለቤቴ ገመዱን ደጋግሞ አሰረው፣ መታሰሩን እያወቀ።

«ላም መባሉ አይደለም ያናደደሽ» አለ በዝግታ።

«አይደለም።»

«እኔም እኮ አትውሰጂው አላልኩም። አትውሰጂው ብልሽ በኋላ ራሴን እጠላለሁ። ምንም አይመስለኝም ብልሽ ደግሞ ውሸት ነው። እስከ ረቡዕ ሠንጠረዥ አለኝ፤ እስከ ረቡዕ ጀግና ነኝ። ሐሙስ ግን… ሐሙስ የማደርገው ይጠፋኛል። ልጆቹን አስተኝቼ ለማን ምን እንደማወራ አላውቅም።»

አሥር ዓመት አብሬው ኖሬ ያ «እንደ ሁኔታው» የምግብ ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። አለቀስኩ፣ በጉ እያየኝ። ናፍቆኝ እንደነበርም፣ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የሚታየኝ የእሱ ፊት እንደሆነም ነገርኩት። ደግሞም ሳልደብቅ «ቢሆንም ቦታውን እፈልገዋለሁ» አልኩት።

«ፈልጊዋ» አለ። «ብቻ ግቢ።»

ሰኞ ጠዋት በጉን ለመሥሪያ ቤቱ ጥበቃዎች አስረክቤ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ወጣሁ።

«ቦታውን እቀበላለሁ» አልኳቸው። «የወሩ ግማሽም ቢሆን እወጣለሁ። ግን ሰኞ ወጥቼ ዓርብ እገባለሁ እንጂ አላከታትልም። ዓርብ ላሞች ሳይገቡ ቤቴ መሆን አለብኝ።»

ላሞቹን ለመናገር አላሰብኩም ነበር፤ አመለጠኝ።

«የምን ላሞች?»

«የሰፈር ላሞች ናቸው።»

ኃላፊያችን ረጅም ጊዜ አዩኝ። እያበድኩ እንደሆነ ወይም ከብት ማርባት እንደጀመርኩ ሊወስኑ አልቻሉም። በመጨረሻ «እንግዲህ የሥራው ባሕርይ…» ብለው ጀመሩ፤ እኔም ሳምንት በሳምንት የሚወጣውን ዕቅድ ጽፌ ይዤ ስለነበር ፊታቸው ዘረጋሁት። መስመር በመስመር አነበቡት። «ሦስት ወር እንሞክረው» አሉ። «ሥራው ከተጓተተ ግን ቦታውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ።»

ማታ ልጄን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሁሉንም አስረዳሁት። መስክ ማለት ሁለት ነገር እንደሆነ፣ እኔ የምሄድበት መስክ ውኃ ፍለጋ እንጂ ሣር ፍለጋ እንዳልሆነ፣ አባቱም የተረተው ለጨዋታ እንደሆነ ነገርኩት። በጥሞና ሰማኝ።

«ታዲያ ሣሩ ፀጉርሽ ላይ ምን ይሠራ ነበር?» አለ።

«የበጉ ነበር።»

«እሺ» አለ፤ ያመነኝ ግን አይመስለኝም። ስለዚህ ሊቆጥረው የሚችለውን ነገር ነገርኩት። «ዓርብ ከላሞቹ በፊት እገባለሁ።»

«ከቀይዋም በፊት?»

«ከቀይዋም በፊት።»

ከባለቤቴ ጋርም ተነጋገርን። የመጀመሪያዋን ዓርብ እንኳ ማክበር ካቃተኝ ቦታውን ራሴ እመልሳለሁ አልኩት። እሱ ፍሪጁ በር ላይ ካለው ሠንጠረዥ ግርጌ «ዓርብ» ብሎ ጻፈና ጎኑን ባዶ ተወው።

የመጀመሪያዋ ዓርብ ደረሰች። ከአምቦ በኩል ነበር የምመጣው፤ ሰባት ሰዓት ሳይሞላ ተነስተናል፤ በዚያ ሂሳብ ከላሞቹ ቀድሜ ሻይ ጠጥቼም እጠብቃቸው ነበር። ቡራዩን ልናልፍ ስንል መንገዱ ቆመ። አንድ ከባድ መኪና ጠጠር እንደጫነ መሀል አስፋልት ላይ ተበላሽቷል። አሥር ሰዓት ሆነ፣ አሥር ተኩል ሆነ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ መቀመጫውን ወደ ኋላ ለጠጠ።

«ይሄ ዛሬ አይንቀሳቀስም» አለኝ።

ቦርሳዬን ጀርባዬ ላይ አንጠልጥዬ ወረድኩ።

«ኧረ የት ነው?» ሲለኝ «ላሞቹ ሊገቡ ነው!» አልኩት። ምን እንደመሰለው አልጠየቅኩትም።

ከዚያ አስኮ ድረስ እየሮጥኩ፣ ሩጫው ሲያቅተኝ እየተራመድኩ፣ በመስክ ጫማ። የታክሲ ረዳቶች ከቆመው ታክሲ ላይ ሆነው «በርቺ እናት፣ ወርቅ ነው!» እያሉ ያጨበጭባሉ። ለመሳደብ ትንፋሽ ስላልነበረኝ አለፍኳቸው። የእኛ መግቢያ ጋ ስታጠፍ ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ከሃያ ሰባት። ደርሻለሁ!

ቀና ስል ከፊቴ የቡሬዋን ጭራ አየሁ።

ላሞቹ ቀድመውኛል። መንገዱ በዚያ በኩል በአጥርና በቦይ መሀል ስለሚጠብ ላምና ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ቀይዋ ከፊት፣ ቡሬዋ ከኋላ፣ ሴትዮዋ በዱላቸው፣ አንዳቸውም አይቸኩሉም።

«እማማ!» አልኩ እያለከለክኩ። «እባክዎ ያሳልፉኝ!»

ደንግጠው ዞሩ። «ምን ሆንሽ ልጄ? ሰው ሞተ?»

«ሰው አልሞተም! ለልጄ ቃል ገብቼ ነው፤ ከላሞቹ በፊት እገባለሁ ብዬዋለሁ!»

እኔን አዩ፣ ላሞቻቸውን አዩ። ነገሩን እንደ ቀልድ አልወሰዱትም። «ቡሬዋ ገራም ናት፣ እሷን እይዝልሻለሁ» አሉ። «ቀይዋን ግን እኔም አልችላት፤ የሚቀድማትን ትወጋለች።»

ቡሬዋን በቀንዷ ይዘው ወደ አጥሩ አስጠጉልኝ። ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ በቦርሳዬ ጎኗን እያሸሁ፣ አንድ እግሬ ቦይ ውስጥ ገብቶ አለፍኳት። ቀይዋ ግን እንደተባለችው ናት፤ ጎኗ ብቅ ስል ቀንዷን አዞረችብኝ። ተመለስኩና ከኋላዋ ገባሁ። እንዲህ ሆነን ነው በሰልፍ ወደ ቤታችን የደረስነው፤ ቀይዋ ከፊት፣ እኔ መሀል፣ ቡሬዋ ከኋላ፣ ሴትዮዋ በዱላቸው። ቃሌን ግማሹን ይዤ፣ ግማሹን አጉድዬ። ምን ብዬ እንደማስረዳው እያሰብኩ ነበር።

ልጄ በሩ ላይ ቆሟል።

«ቀይዋ ገባች!» አለ።

ከዚያ እኔን አየ። አንድ ቅንድቡ ተነሳ። ከፊቴ ያለችውን ላም አየ፣ ከኋላዬ ያለችውን አየ፣ በጭቃ የተለወሰ ጫማዬን አየ።

«እማዬ ገባች!» አለ።

ቡሬዋ በመሀላችን አልፋ ሄደች። «ቡሬዋም ገባች!» አለና፣ ፊቱን ወደ ቤት አዙሮ፣ እስከ ዋናው መንገድ በሚሰማ ድምፅ ጮኸ፤

«አባዬ! ሦስቱም ገቡ!»